አከራዬ ነዳጅ አገኙ

ነዳጅ ጠፋ ተብሎ መኪናው ሁሉ ማደያ በር ላይ ሰልፍ ይዞ በሚያድርበት ሰሞን፣ ያለ ሰልፍና ያለ ቴሌብር ቤንዚን የሚገኝበት ቦታ የአከራዬ የውሃ ጉድጓድ ብቻ ነበር።

ቤቱ ገርጂ ነው። ገርጂ የት ጋ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤ ምክንያቱን ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። ውሃ እዚህ በፈረቃ ነው። ተራችን በደረሰ ቀንም ሰው ሁሉ እንቅልፍ እስኪጥለው ጠብቆ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣና ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል። አከራዬ ግን በዚህ አይጨነቁም። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው፣ ሰፈሩ ገና ከእርሻ ሳይላቀቅ፣ በእጅ ያስቆፈሩት አሥራ ሁለት ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ግቢው ውስጥ አለ። ከጉድጓዱ ትንሽ ፓምፕ፣ ከፓምፑ ሮቶ፣ ከሮቶው ለተከራይ ሁሉ ቧንቧ። ውሃው ለልብስ፣ ለሳህንና ለገላ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም ይባላል። "ይባላል" ያልኩት የመንግሥት ውሃ ሰንብቶ ሲቀር ቡና አምሮት ከጉድጓዱ የማይቀዳ ተከራይ ስላላየሁ ነው።

ሽታው የመጣው በዚሁ በቡና ነው። ባለቤቴ አቦሉን ቀድታ ሰጠችኝ፤ ፉት አልኩና "ጀበናውን በምንድን ነው ያጠብሽው?" አልኳት። እሷም ቀመሰችና "አንተስ እጅህን በምን ታጥበህ ነው ስኒውን የነካኸው?" አለችኝ። ተኳርፈን ቶናው ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ ግቢው በሙሉ መርማሪ ሆነ። ልብስ አጣቢዋ ሳሙናው ተበላሽቷል አለች። ጥበቃው ጋሼ የጋራዡን ልጆች ጠረጠሩ፤ የተቃጠለ ዘይት በአጥር ሥር ሲደፉ በዓይናቸው አይተዋል። አንዲት ተከራይ ደግሞ ነገሩ የሰው እጅ እንዳለበትና የዚህን ግቢ ሰላም የማይወድ ጎረቤት እንደሚኖር በሹክሹክታ ተናገረች። የጎረቤት ተማሪ ልጅ ግን በአጥሩ ላይ አንገቱን አሻግሮ "እማማ፣ ነዳጅ ወጥቶልዎታል እኮ! በ2010 ኦጋዴን ላይ ድፍድፍ ወጣ ተብሎ አገር ሲጨፍር እርስዎ ጓሮዎ ላይ ተቀምጠውበታል!" አላቸው። አከራዬ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ማታ ላይ የጉድጓዱን ክዳን በጓጉንቸር ቆለፉት።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሃይድሮጂኦሎጂስት ነው። ቤተሰቡ ሙያውን "ጉድጓድ ቆፋሪ" ብሎ ነው የሚያውቀው፤ እሱም በየሠርጉና በየክርስትናው ስለ ድንጋይ ስለሚያወራ አጠገቡ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው የለም። እሁድ ምሳ ሊበላ መጣና እጁን ሊታጠብ ቧንቧ ከፈተ። ታጥቦ አልተመለሰም። ሄጄ ባየው መዳፉን አፍንጫው ላይ ደፍኖ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ናፍጣ አይደለም። ቤንዚን ነው።"

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቦሌ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያጓራ ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ ሁሉ የናፍጣ ታንከር አለው። ጋራዥም ናፍጣና ዘይት ያፈሳል። ቤንዚን ግን በብዛት መሬት ውስጥ ቀብሮ የሚያስቀምጥ ማን ነው? ማደያ ብቻ። ይህን ሲል ጥበቃው ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አከራዬ ወደ ኩሽና ገቡ፤ ሽሮው ሊያር ነው ብለው።

አከራዬን ለምነን ጓጉንቸሩ ተከፈተ። ልጁ ከመኪናው ቤይለር የሚሉትን መቅጃ አመጣ። ክንድ የሚያህል ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ከታቹ ትንሽ ኳስ አለች። ቱቦው ውሃ ውስጥ ሲገባ ኳሷ ብድግ ትላለች፤ ሲሳብ ቁጭ ብላ ቀዳዳውን ትደፍናለች። በሲባጎ አውርዶ፣ ውሃውን መንካቱን በጣቱ አዳምጦ፣ ቀስ አድርጎ ሳበና ወደ ፀሐይ አዞረው። ከሥር ውሃ ነው፤ ንጹሕ፣ ምንም የማያስጠረጥር። ከላዩ የወረቀት ውፍረት ያላት፣ ወደ ቢጫ የምታደላ ነገር ተኝታለች፤ ቱቦው ሲነቀነቅ ትታጠፋለች እንጂ አትቀላቀልም። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል እንደ ወጥ ቅባት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። አከራዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና "ይቺ ናት?" አሉ። ቅር ያላቸው መሰለኝ። ከኦጋዴኑ ወሬ በኋላ ሌላ ነገር ሳይጠብቁ አልቀሩም።

"እማማ፣ የሚያሳስበው የሚታየው አይደለም" አለ ልጁ፤ ሶፍት ስቦ በእስኪርቢቶ መደመር ጀመረ። ቤንዚን ውስጥ ቤንዝን የሚባል የደም ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል አለ። ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 8.8 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ያቺ 8.8 ግራም በሙሉ ብትሟሟ 880,000 ሊትር ውሃ ገደቡ ላይ ታደርሳለች። 10,000 ሊትር በሚይዝ የውሃ ቦቴ ብንለካው 88 ቦቴ። ሶፍቱን ለአከራዬ ሰጣቸው። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ስለ አፈር ማውራት ጀመረ፤ ምሳው ቀዘቀዘ። ሠርግ ላይ ስሸሸው የኖርኩትን ወሬ ቁጭ ብዬ ሰማሁት፤ ለካ ቤቴ ሥር ያለውን ነገር ነበር ሲያወራ የኖረው። ቦሌ፣ ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ አብዛኛው የተሠራው ጥቁር አፈር ላይ ነው። መሐንዲሶቹ ብላክ ኮተን ይሉታል፤ ገበሬው ዋልካ ይለዋል። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ላይ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ሚያዝያ ገደማ ስንጥቁ ውስጥ እጅ እስከ ክርን ይገባል። ግድግዳችሁ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ የሚተረተረው በዚህ ነው። እንግዲህ የብረት ቱቦ በዚህ አፈር ውስጥ ቅበሩ። በዓመት አንዴ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። ብረቱ ባይዝግ እንኳ መጋጠሚያው ይላላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ታንከሩ አይደለም አለ፤ ከታንከሩ ወደ መቅጃው የሚሄደው ቱቦ፣ በተለይ የቱቦው አንጓ ነው።

አፈሩ እርጥብ ሲሆን ውሃ አያሳልፍም፤ ይህ ደግ ነው። ግን ማደያ የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ አሸዋና ሰሌክት ነው የሚሞላው፤ የፈሰሰው ቤንዚን እዚያ ውስጥ ዘና ብሎ ይጠራቀማል። ከሥሩ ደግሞ ባዛልት አለ፤ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ። ድንጋይ ነው ብላችሁ አትመኑት፣ ስንጥቅጥቁ የወጣ ነው። አሸዋ ቢሆን የገባበትን ቆሻሻ በዝግታና በአንድ አቅጣጫ ይመራዋል፤ የተሰነጠቀ ባዛልት ግን በየት እንደሚያወጣው አይታወቅም። አጠገብ ያለ ጉድጓድ ንጹሕ ሆኖ ሦስት ቤት አልፎ ያለው ሊሸት ይችላል። አጠቃላይ አካሄዱ ግን ይታወቃል፦ ከእንጦጦ ግርጌ የሰረገ ውሃ ከተማውን ከሥር አቋርጦ ቁልቁል ወደ አቃቂ ይሄዳል። አቃቂ ላይ ደግሞ ለአዲስ አበባ የሚቀዳው ትልቁ የጥልቅ ጉድጓድ መስክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ታምሩ ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ደግፈዋቸው፣ የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ለብክለት ምን ያህል እንደተጋለጠ በካርታ አስቀምጠዋል። ያኔም ቢሆን ብዙው ወሬ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ስለሚሰርገው ናይትሬት ነበር።

"ታዲያ ማደያው ከእኛ ሽቅብ ነው ቁልቁል?" አለ ልጁ።

ሽቅብ ነው። ማንም መልስ አልሰጠውም እንጂ ሁላችንም እናውቃለን። የማደያው ባለቤት የእድራችን ዳኛ ናቸው።

አከራዬ ያን ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። "ልጄ፣ አንተ ሽታውን አውቀህ ትሄዳለህ። እኔ ስሞት ድንኳኑን የሚተክልልኝ ማን ነው?"

ይህን ጥያቄ የሚመልስ መሣሪያ ልጁ መኪና ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ቅሬታ ሳይሆን ጥየቃ ነው ብለን ማደያው ሄድን። ባለቤቱ እንደ ልማዳቸው አክብረው ተቀበሉን፤ ለስላሳ አስከፈቱልን። ነገሩን ስነግራቸው ተቆጡ ማለት አይቻልም፤ አዘኑልኝ። "አንተ ሰው፣ ሰልፉን ታያለህ አይደል? ጠብታው በሚቆጠርበት ጊዜ ቤንዚን መሬት የሚያጠጣ ማን ሞኝ አለ?" አነጋገራቸው ልክ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ክፍያው በስልክ ነው፤ የወጣው ሊትር ሁሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ታንከሩ ውስጥ የቀረውስ? ለማሳየት ፈቃደኛ ሆኑ።

ሠራተኛው የታንከሩን ክዳን ከፍቶ ቁጥር የተቀረጸበትን ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ቡናማ ቅባት ቀብቶ ወደ ውስጥ ላከው። ታች ነክቶ ጠብቆ አወጣው። ቤንዚኑ የደረሰበትን በቁጥር አነበበ። ልጁ ግን ቁጥሩን ትቶ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ነበር የሚያየው። ቅባቱ ከታች ሁለት ጣት ያህል ደማቅ ቀይ ሆኗል። ያ ቅባት ቀይ የሚሆነው ውሃ ሲነካው ብቻ ነው።

"ውሃው ከየት ገባ?"

"ቦቴው ይዞት መጥቶ ይሆናላ" አሉ ባለቤቱ።

"ውሃ የሚገባበት በር ካለ ነዳጅም ይወጣበታል ብዬ ነው" አለ ልጁ፤ በትሕትና ነው የተናገረው።

ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ ስለ ቦቴ ሹፌር ነበር፤ እኔም እውነቱ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ነዳጃችን በሙሉ ከውጭ ይገባል፤ አብዛኛው ጅቡቲ ላይ ይጫናል። እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቦሌ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ቤንዚን በየዲግሪው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይሰፋል፣ ይኮማተራል። በ20 ዲግሪ ልዩነት 45,000 ሊትር የጫነ ቦቴ አንድ ጠብታ ሳይሰረቅበት 900 ሊትር ያህል "ጎድሎ" ሊደርስ ይችላል። ማደያው ሹፌሩን ሌባ ይለዋል፤ ሹፌሩ ማደያውን በዘንጉ ያጭበረብራል ይላል። በዚህ የመቶዎች ሊትር ጭቅጭቅ መሐል በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ መጋጠሚያ ማን ሊያየው? በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር ተርፎ፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ነው። የሌባና የሙቀት ሒሳብ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ማደያው ውስጥ ውሸታም ሰው አላየሁም። ጎዶሎ የሚላከክበት ሰው ሁልጊዜ ስላለ ግን መሬቱን የሚጠረጥር የለም።

ልጁ በዚያው ስለ ኤታኖል ጨመረልኝ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤንዚን ላይ ከስኳር ፋብሪካ የወጣ ኤታኖል 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ፣ በኋላ 10 በመቶ ደርሶ ነበር። ነዳጅ ከርሰ ምድር ሲገባ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ይበሉታል፤ ተፈጥሮ የሰጠችን ማጽጃ ይኸው ነው። አልኮል ካገኙ ግን መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው፤ ኦክስጅኑንም በሱ ላይ ይጨርሱታል፤ ቤንዝኑ ሳይነካ ወደ ፊት ይጓዛል። ስለ ባክቴሪያ ያለኝ ግምት በጥቂቱ ወረደ፣ ወይም ደግሞ ከፍ አለ።

ውሃው ብቻ አይበቃም፤ ከማደያውና ከጉድጓዱ መሐል ያለው አፈር መታየት አለበት ተባለ። ኦገር ማለት እጀታው የቲ ቅርጽ ያለው፣ በእጅ እየተጠመዘዘ ወደ መሬት የሚገባ መብሻ ነው። ጠምዛዡ እኔ ሆንኩ። ከአጥሩ ውጭ፣ የሣር ቁራጭ ያለባት ቦታ መርጠን ጀመርን። ጥቁሩ አፈር ኦገሩ ላይ ተጣብቆ አልለቅም እያለ፣ በቢላ እየተፋቀ፣ በፌስታል እየታሰረ፣ ጥልቀቱ እየተጻፈበት ይቀመጣል። ልጁ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ፌስታሉን በትንሹ ፈታ አድርጎ ያሸታል። ይህን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ግን የሰው አፍንጫ ከተገኘ ማን ይገዛዋል የሚያሰኝ ነው። የአፍንጫ ችግሩ ቶሎ መልመዱ ነው። ስለዚህ በየመሐሉ ጥበቃው ጋሼ እንዲያሸቱ ይጠራሉ፤ እሳቸውም "አሁን መጣ"፣ "አሁን በዛ" እያሉ በከባድ ኃላፊነት ይመሰክራሉ።

ሁለት ጎልማሶች መሬት ይበሳሉ፣ አንድ ዘበኛ አፈር ያሸታል። ሰው ቢሰበሰብ ይፈረድበታል? መጀመሪያ ልጆች መጡ። ቀጥሎ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ወንበሯን ይዛ ተጠጋች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና ለሚሰማ ሁሉ አወጁ፦ "ጣሊያን ሲወጣ የቀበረው ነው። አባቴ ቦታውን ነግሮኝ ነበር።" ኦገሩ ሁለት ሜትር ሳይሞላ ድንጋይ መታና "ቋ!" አለ። ሕዝቡ "ሣጥኑ ነው!" ብሎ ጮኸ። ባዛልት መሆኑን ልጁ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ባዛልት መሆኑን ማን ሊሰማ? ሽማግሌው ድርሻቸውን መጠየቅ በጀመሩበት ሰዓት የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ወጣቶች ደረሱ።

"የቁፋሮ ፈቃድ?"

"ቀዳዳው እኮ የክንድ ውፍረት ነው።"

"ጉድጓድ ጉድጓድ ነው።"

ኦገሩ ተይዞ ሄደ። አፈሩ ግን ቀረልን፤ ከመጨረሻዎቹ ፌስታሎች ሽታው እጅ በእጅ ይወጣ ነበር። ሽማግሌው ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ወርቁን የት እንዳደረስኩት ይጠይቁኛል።

ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። እኔ በሃይላንድ ቀድቼ ልውሰደው ብል ልጁ ሊመታኝ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ያለው ውሃ የሚቀዳው 40 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ብልቃጥ፣ እስከ አፏ ሞልቶ፣ አንዲት የአየር ዓረፋ ሳትቀር ተከድኖ ነው፤ ዓረፋ ካለ ቤንዝኑ ከውሃው ወጥቶ ዓረፋው ውስጥ ይገባና ክዳኑ ሲከፈት ይበራል። ከዚያም በረዶ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በረዶውን ጭማቂ ቤት ለመንን። የልጁ መኪና ሰልፍ ላይ ስለነበረች (ነዳጅ ልትቀዳ ነው እንግዲህ) ሣጥኑንና የአፈሩን ፌስታሎች ይዘን ሚኒባስ ውስጥ ገባን።

መገናኛ ሳንደርስ አንዲት ሴት "ሾፌር፣ ቤንዚን የያዘ ሰው አለ!" አለች። ረዳቱ ዞሮ እኛን አየ። ቤንዚን በጀሪካን መሸጥ የተከለከለበት፣ በጥቁር ገበያ የሚያዘዋውር የሚታደንበት ጊዜ ነው። መኪናው ቆመ፤ ፖሊስ መጣ።

"አባት፣ ምንድን ነው የያዙት?" አባት መባሌ ከሁሉ በላይ አናደደኝ።

"ውሃ ነው።"

"ቤንዚን ይሸታል እኮ።"

"አዎ፤ ቤንዚን ያለበት ውሃ ነው።"

"ለምንድን ነው የሚቀላቅሉት?"

ፌስታሎቹ ደግሞ ተፈቱ። "ይሄስ?" አፈር ነው አልኩ። በዕድሜ ጠና ያለው ፖሊስ ይህን ጊዜ ዝም ማለት አቃተው። የጥንት ነገሥታት ፈረንጆቹን ሲሸኙ የጫማቸውን አፈር ሳይቀር አስጠርገው እንደነበር፣ አፈር የአገር ክብር እንደሆነ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ተሳፋሪው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ወጣቱ ፖሊስ ግን ለታሪክ ጊዜ የለውም፤ አንዷን ብልቃጥ አንስቶ ክዳኗን ፈተለና አሸተታት።

ልጁ ራሱን ያዘ። "ናሙናው ሞተ!"

"ማነው የሞተው?" አለ ፖሊሱ፣ እጁ ወደ ዱላው ሄዶ።

ጣቢያ ተወሰድን። በሊትር ስንት እንደሆነ ለመዝገቡ ተጠየቅን፤ ብልቃጡ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ሊትር እንኳ እንደማይሞላ ሲታወቅ የጥቁር ገበያው ክስ ራሱን ችሎ መቆም አቃተው። ሸኙን። ለነገሩ ጨዋዎች ነበሩ፤ ሣጥናችን ውስጥ በረዶ እንዲጨመር ራሳቸው ሰው ልከዋል።

ላቦራቶሪው፣ ስሙን አልጠራውም፣ ናሙናውን ተቀብሎ ከርሞ ወረቀት ሰጠን። የሚያምር ወረቀት ነው፤ ማኅተም አለው። ፒኤች ጥሩ። ናይትሬት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ፍሎራይድ ጥሩ፣ ኮሊፎርም አለ፣ በክሎሪን ይታከም። ስለ ቤንዝን ምንም የለም፤ ቅጹ ላይ መስመር የለውማ። ቤንዝንን የሚለይ ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባል መሣሪያ ነው፤ መደበኛው የውሃ ምርመራ እሱን አይጠይቅም። ወረቀቱን የሰጠችን ልጅ ብልቃጡን ስትቀበል አፍንጫዋን ይዛ ነበር። እንደዚያ አድርገሽ ጻፊልን ብላት "እሱ ፓራሜትር አይደለም፣ ጋሼ" አለችኝ።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ያወቁት ዘግይተው ነው። የተቀበረ ታንከርን የሚመለከት ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያፈሰሰ ታንከር ብለው የመዘገቡት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሳንታ ሞኒካ የምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ በዚሁ ጉዳይ የመጠጥ ጉድጓዶቿን ዘግታ ግማሽ ያህል ውሃዋን አጥታለች። ያ ሁሉ የተቆጠረው ግን ፈላጊ ስለነበረ ነው። ሕጉ እኛም ዘንድ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል።

ይህን አዋጅ ይዘን አንድ ቢሮ ሄድን። ባለሙያው ሰማን፤ ከልቡ ሰማን። ከዚያ "ጉድጓዱ ፈቃድ አለው?" አለ። ልጁ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ እንደማይጠይቅ አንቀጹን ገልጦ አሳየው። ባለሙያው አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

"ልክ ናችሁ። ፈቃድ ካላስፈለገው እኛ መዝገብ ላይ የለም ማለት ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ጉድጓድ ተበከለ ብዬ እንዴት ልጻፍ?"

ነገሩ በመጨረሻ ያለቀው እዚሁ ሰፈር፣ በሽምግልና ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጥፋት አልተባለም፤ ጉርብትና ነው የተባለው። የእድራችን ዳኛ ለአከራዬ በየሳምንቱ አንድ ሮቶ ውሃ በቦቴ ሊያስሞሉ ቃል ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በዚያው ሳምንት ማደያው "ለጥገና ዝግ ነው" የሚል ካርቶን ሰቅሎ ሁለት ሌሊት ሲቆረቁር አደረ፤ ጠዋት ከሁለተኛው መቅጃ ሥር አዲስ ሲሚንቶ ታየ። ይህንንም ያነሳ ሰው የለም። ልጁ ብቻ እየተብሰለሰለ "ሽማግሌ አቃቂ ድረስ ወርዶ ውሃውን ያስታርቅ እንግዲህ!" አለ። አከራዬ ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ድንኳናቸው ተርፏል።

ባለፈው ፋሲካ ቡና ላይ ተቀምጠን አከራዬ ወደ ልጁ ዘወር አሉ። "ልጄ፣ እኅቴ አያት ሰፈር ጓሮዋ ላይ ጉድጓድ ልታስቆፍር ነው። ሄደህ ብታይላት ምን አለበት?"

"አጠገቧ ማደያ አለ፣ እማማ?"

ስልክ ደወሉ። "ሁለት ነበር ትላለች። አንዱ አለ፤ አንዱ ለመንገዱ ሲባል ፈርሷል።"

"የቱ ነው ሽቅብ?"

"የፈረሰው ነው ትላለች። ተገላገልኩት ትላለች።"

"ታንከሮቹ ሲፈርስ ወጥተዋል?"

አከራዬ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "ታንከሮቹ ወጥተዋል ወይ ይልሻል።" እኅታቸው ከወዲያ የመለሰችው ለሁላችንም ተሰማ።

"ምን ታንከር?"